የሬኔሳንስ ሂውማኒዝም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሬኔሳንስ (በአውሮፓ የጥንት ሮምና ግሪክ ጥበብ የታደሰበት ዘመን) ሲባል አብዛኞቻችን ቀድመው ትዝ የሚሉን ዳ ቪንቺና ማይክል አንጄሎ ናቸው። ከሥዕሎቹ ጀርባ ግን ሌላ ጭቅጭቅ ነበር፤ የመጽሐፍ ጭቅጭቅ። ያስነሡት ሰዎች ቀለም አይቀቡም፣ ድንጋይም አይጠርቡም። ቀን ከሌት አሮጌ ብራና ላይ እንደተደፉ ነው። ሂውማኒስቶች የሚባሉት እነሱ ናቸው። ስለ እነሱ ደጋግሞ የሚጠየቀውን ሰብስበን እንደሚከተለው መልሰናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሂውማኒዝም በአጭሩ ምንድን ነው?

ፓርቲ አይደለም። ሃይማኖትም አይደለም። ሲጀመር የትምህርት ዓይነት ነበር፦ ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ ግጥም፣ ታሪክና የሥነ ምግባር ፍልስፍና። መማሪያዎቹ የጥንት ሮማውያንና ግሪኮች የጻፏቸው መጻሕፍት ናቸው። በዘመኑ ዩኒቨርሲቲዎች ትልቁን ወንበር የያዙት ሕግ፣ ሕክምናና ነገረ መለኮት ነበሩ። ሂውማኒስቶቹ ደግሞ ዳኛውም፣ ሐኪሙም፣ ቄሱም በመጀመሪያ በቅጡ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ይልመዱ ባዮች ናቸው።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቅኔ ቤት ገብቶ ግስ ሳያወርድ፣ አገባብ ሳይለይ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ልዝለል የሚል ተማሪ ከመምህሩ ምን እንደሚገጥመው የታወቀ ነው። ሂውማኒስቶቹም አቋማቸው ይኸው ነበር፦ ቋንቋውን ሳታውቅ ስለ ሐሳቡ አትከራከር።

ከዚህ ትምህርት አንድ ልማድ ወጣ። አንድ ጽሑፍ እጃቸው ሲገባ ይጠይቃሉ። ማን ጻፈው? መቼ? በየትኛው ቋንቋ? እኛ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ተገለበጠ፣ የትኛው ገልባጭስ አበላሸው? በእኔ ግምት የዘመኑ ትልቁ ነገር ይህ ልማድ ነው። የሃይማኖት ክርክሩም፣ ፍልስፍናውም፣ ሥዕሉም ሳይቀር ከዚህ ክር ይመዘዛሉ።

እግዚአብሔርን የካዱ ሰዎች አልነበሩም እንዴ?

አልነበሩም። ዛሬ ራሳቸውን ሂውማኒስት ብለው የሚጠሩ ሃይማኖት የለሽ ማኅበራት ስላሉ ሁለቱ ይምታታሉ። የዚያን ዘመን ሰዎች ግን እንያቸው። ፔትራርክ በ1336 ቨንቱ የሚባለውን የፈረንሳይ ተራራ ሲወጣ ይዞት የነበረው ትንሽ መጽሐፍ የቅዱስ አውግስጢኖስ ኑዛዜ ነው። ፕላቶን የተረጎመው ፊቺኖ ቄስ ነበር፤ የግሪኩን አዲስ ኪዳን ያሳተመው ኢራስመስም ቄስ። ፒኮሎሚኒ የሚባለው ሂውማኒስት በ1458 ፒዩስ 2ኛ ተብሎ ራሱ ፓፓ ሆኗል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር በ1535 አንገቱን የተቀላው ንጉሥ ሄንሪ 8ኛን የቤተ ክርስቲያን ራስ ነህ አልልም ብሎ ነው። ከሃዲ እንዲህ አይሞትም።

ግጭት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በ1468 ፓፓ ጳውሎስ 2ኛ ሮም ውስጥ የሚሰበሰቡ ሂውማኒስቶችን አረማውያን ናችሁ፣ አድማም ጠንስሳችሁብኛል ብሎ አሰራቸው። ከታሰሩት አንዱ ፕላቲና ይባላል። ቀጥሎ የመጣው ፓፓ በ1475 ያንኑ ሰውዬ የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አድርጎ ሾመው። የዘመኑ ጠባይ ይህን ይመስላል።

ማን ጀመረው?

አንድ ሰው ጥራ ከተባለ ፍራንቼስኮ ፔትራርክ ነው (1304–1374)። አባቱ ሕግ እንዲማር ልከውት ነበር። ልቡ ግን የጥንት መጻሕፍት ላይ ቀረ።

በ1345 ቬሮና ከተማ ውስጥ ሮማዊው ሲሴሮ ለወዳጆቹ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አገኘ። ለብዙ ዘመን ያነበባቸው አልነበረም። ፔትራርክ ሲሴሮን እንደ መምህር ነበር የሚያየው፤ የረጋ፣ ከዓለም ጣጣ የራቀ ፈላስፋ አድርጎ። ደብዳቤዎቹ ውስጥ ያገኘው ሰው ግን ሌላ ነው። ይፈራል፣ ያመነታል፣ ዛሬ አንዱን ደግፎ ነገ ከሌላው ጋር ይሆናል፣ በሽምግልናውም የፖለቲካ ሽኩቻ ውስጥ ይገባል። ፔትራርክ ተናደደ። ቁጭ ብሎም ለሲሴሮ የወቀሳ ደብዳቤ ጻፈለት። ሲሴሮ ከሞተ ያኔ 1,400 ዓመት ሊሞላው ነው!

እብደት ሊመስል ይችላል። ግን አንድ ነገር ተለውጧል። እስከዚያ ድረስ የጥንት ደራሲ ማለት ከዘመን ውጪ የሚናገር ባለ ሥልጣን ድምፅ ነበር። ፔትራርክ ግን ሰው አደረገው፤ በራሱ ዘመን የኖረ፣ የሚሳሳት ሰው።

ይኸው ፔትራርክ ከቁስጥንጥንያ የጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ የሆሜር መጽሐፍ በግሪክኛ ተልኮለት ነበር። ማንበብ አልቻለም። መጽሐፉን እያቀፈ ምነው በሰማሁህ ብዬ እተነፍሳለሁ ሲል ለላኪው ጽፎለታል።

ለምን ጣሊያን ውስጥ?

ገንዘብ፣ ፍርስራሽና ደብዳቤ። የጥንቷ ሮም ፍርስራሽ በደጃቸው ነው። ገንዘቡ ከንግድና ከባንክ መጣ፤ የፍሎረንሶቹ ባለ ባንክ ቤተሰብ ሜዲቺዎች ለዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው።

ደብዳቤውስ? ጣሊያን ያኔ አንድ አገር አልነበረችም። ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሚላን፣ ኔፕልስ የየራሳቸው መንግሥት ነበራቸው፤ ሲፎካከሩና ሲዋጉ ይኖራሉ። የሚዋጋ መንግሥት ደግሞ ብዕሩ የሚያም ጸሐፊ ይፈልጋል። ኮሉቾ ሳሉታቲ ከ1375 ጀምሮ እስከ ሞተበት 1406 ድረስ የፍሎረንስ ዋና ጸሐፊ ነበር። የሚላኑ ገዥ ከሺህ ፈረሰኛ ይልቅ የእሱ ደብዳቤ ጎዳኝ አለ ይባላል። ጥሩ ላቲን የሚጽፍ ሰው እንጀራው አይቋረጥም ነበር። ሂውማኒዝም እንዲህ በፍጥነት የተስፋፋው ሥራ ስለሚያስገኝ ጭምር ነው። ይህን የሚያነሣ ሰው ግን ብዙ አይደለም።

የጠፉትን መጻሕፍት ከየት አገኟቸው?

ከገዳማት። የዚህ አደን ጀግና ፖጆ ብራቾሊኒ ነው። የፓፓው ጸሐፊ ሆኖ ኮንስታንስ ከተማ ወደተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ (1414–1418) ሄደ። ጉባኤው በ1415 ፓፓውን ሻረው። ፖጆ አለቃም ሥራም አጣ። ጊዜ ሲተርፈው በአካባቢው ያሉትን ገዳማት ማሰስ ጀመረ።

በ1416 ሴንት ጋል በሚባለው ገዳም የጥንቱ ሮማዊ መምህር ክዊንቲሊያን ስለ ንግግር ጥበብ የጻፈው መጽሐፍ ሳይጎድል ተገኘ። ፖጆ እንደጻፈው መጽሐፉ የነበረው በአንድ ግንብ ሥር፣ ሞት የተፈረደበት ሰው እንኳ በማይታሰርበት ጨለማና ቆሻሻ ክፍል ውስጥ ነው። አውጥቶ በእጁ ገለበጠው። በዓመቱ የሮማዊውን ገጣሚ የሉክሬቲየስን ግጥም አገኘ፤ ዓለም ከማይታዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው የሚለውን።

የፖጆ የእጅ ጽሑፍም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የዘመኑን ሾጣጣና ጥቅጥቅ ያለ አጻጻፍ ትቶ ጥንታዊ የመሰለውን ክብና ጥርት ያለ ፊደል መረጠ። በኋላ አታሚዎች ከዚያ አጻጻፍ ፊደል ቀረጹ። ዛሬ ስልክዎ ላይ የሚያዩት የላቲን ፊደል የዚያ ዘር ነው።

የግሪኩ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ይወራል። ቁስጥንጥንያ በ1453 በቱርኮች እጅ ስትወድቅ የሸሹ ምሁራን መጽሐፍ ይዘው መጡ፣ ሬኔሳንስ ተጀመረ ይባላል። ነገሩ ቀደም ይላል። ማኑኤል ክሪሶሎራስ በሳሉታቲ ግብዣ ፍሎረንስ ገብቶ ግሪክኛ ማስተማር የጀመረው በ1397 ነው። ከውድቀቱ በኋላ የመጣው እርዳታም ቀላል አልነበረም። ግሪካዊው ካርዲናል ቤሳሪዮን በ1468 ለቬኒስ የሰጠው ስብስብ ወደ 500 የሚጠጉ የግሪክኛ መጻሕፍት ነበሩበት።

«የቆስጠንጢኖስ ስጦታ» የሚባለው ጉድ ምን ነበር?

ለእኔ ከሂውማኒዝም ታሪክ ይህን የሚያክል የለም። ለዘመናት የሚጠቀስ አንድ ሰነድ ነበር። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ዘመን የምዕራቡን ግዛት ለሮማው ጳጳስ ለሲልቨስተር አስረክቧል ይላል። ፓፓዎቹ በነገሥታት ላይ ላላቸው የበላይነት መከራከሪያ ያደርጉት ነበር።

በ1440 ሎሬንዞ ቫላ ሰነዱን እንደ ሰዋስው መምህር አነበበው። ላቲኑ ገና ከመጀመሪያው አልጣመውም። በቆስጠንጢኖስ ዘመን ያልነበሩ አገባቦች ሞልተውበታል። በሮማ ሹማምንት መካከል «ሳትራፕ» የሚባሉ ባለ ሥልጣናት ይጠቀሳሉ። ይህ የፋርስ ሹመት ነው፤ ሮም ምን ሊሠራ መጣ? ሰነዱ ስለ ወርቅ ዘውድ ያወራል፤ የዚያን ዘመን የንጉሥ አክሊል ግን የጨርቅ ጥምጣም ነው ይላል ቫላ። ቁስጥንጥንያ የፓትርያርክ መንበር ተብላ ተጠቅሳለች፤ ሰነዱ ተጻፈ በተባለበት ጊዜ ከተማዋ ገና በዚያ ስም አልተቆረቆረችም። መደምደሚያው አንድ ነው፦ ፎርጅድ! ዛሬ ሊቃውንት የ8ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ሥራ መሆኑን ይስማማሉ።

ቫላ ንጹሕ የእውነት ፈላጊ ብቻ ነበር ብሎ መሳል ግን አያስኬድም። ያኔ ደሞዝ የሚከፍለው የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ ነው፤ አልፎንሶ ደግሞ በኔፕልስ ጉዳይ ከፓፓው ጋር ጦርነት ላይ ነበር። ስለዚህ ጽሑፉ ለጌታውም ይመቻል። ቢሆንም ክርክሩ የቆመው በማስረጃ ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ ሰነዱን የጠረጠረ ኒኮላስ ዘኩሳ የሚባል ሊቅም ነበር። ቃል በቃል የበለተው ግን ቫላ ነው።

ተቀጣ? በ1444 ኔፕልስ ላይ በሌላ ነገር፣ በእምነት ጉዳይ ተከሶ ንጉሡ አስጣለው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሮም ገባና ለፓፓው ኒኮላስ 5ኛ መሥራት ጀመረ፤ ኋላም የፓፓ ጸሐፊ እስከመሆን ደረሰ።

ሉተር የሂውማኒስቶች ልጅ ነው የሚባለው ልክ ነው?

በከፊል። ድልድዩ የሮተርዳሙ ኢራስመስ ነው። ኢራስመስ በ1504 ሉቨን አጠገብ ባለ ገዳም ቫላ በአዲስ ኪዳን ላይ የጻፋቸውን ማስታወሻዎች አገኘ። በዓመቱ አሳተማቸው። ቫላ የላቲኑን ትርጉም ከግሪኩ ጋር እያመሳከረ የተሳሳተ የመሰለውን ነቅሶ ነበር። ኢራስመስ ሥራውን ቀጠለና በ1516 ባዝል ከተማ፣ በአታሚው ፍሮበን ቤት፣ የግሪኩን አዲስ ኪዳን ከራሱ የላቲን ትርጉም ጋር አወጣ።

እትሙ ጥድፊያ የበዛበት ነው። እጁ ላይ የነበሩት የግሪክ ብራናዎች ጥቂቶች ነበሩ። የዮሐንስ ራእይ መጨረሻ ላይ ያሉት ስድስት ቁጥሮች ከብራናው ጎድለውበት ከላቲን ወደ ግሪክ መልሶ ተረጎማቸው። ወደ ምንጩ እንመለስ የሚል ሰው ምንጩን በእጁ ሲቀዳ! ግን እስከዚያ ማንም ያላደረገውን አደረገ። ካህን ሁሉ የሚያውቀውን የላቲን ጥቅስ ከግሪኩ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠው።

ውጤቱን በአንድ ጥቅስ እንየው። ማቴዎስ ምዕራፍ 3 ላይ መጥምቁ ዮሐንስ «ንስሐ ግቡ» ይላል። የላቲኑ አባባል ንስሐ ፈጽሙ ወደማለት ያደላል፤ ሰዎችም ከአናዛዡ ቄስ የሚሰጠውን ቅጣትና ቀኖና ያስቡበት ነበር። ግሪኩ ስለ ልብ መለወጥ ነው የሚያወራው። ሉተር በ1517 ካወጣቸው 95 ነጥቦች የመጀመሪያው በቀጥታ ስለዚህ ነው፦ ክርስቶስ የፈለገው የአማኙ ዕድሜ በሙሉ ንስሐ እንዲሆን ነው ይላል። በ1522 የወጣውን የጀርመንኛ አዲስ ኪዳንም ሉተር ሲተረጉም የተጠቀመው የኢራስመስን ሁለተኛ እትም ነው።

የሥላሴ ምስክርነት ተብሎ የሚጠቀሰው 1ኛ ዮሐንስ 5፥7ም ጉድ አፍልቷል። ኢራስመስ በግሪክ ብራናዎቹ ስላላገኘው በሁለቱ እትሞች ተወው። ተጮኸበት። ኋላ ጥቅሱ ያለበት አንድ የግሪክ ብራና ሲቀርብለት በ1522 በወጣው ሦስተኛ እትም አስገባው።

ኢራስመስ እንቁላሉን ጣለ፣ ሉተር ፈለፈለው እያሉ መነኮሳት ያሙት ነበር። መልሱ፣ እኔ የጣልኩት የዶሮ እንቁላል ነው፣ የሉተር ጫጩት ሌላ ዘር ነው የሚል ሆነ። እውነትም ተለያይተዋል። ኢራስመስ በ1524 የሰው ልጅ ነጻ ፈቃድ አለው ብሎ ጻፈ። ሉተር በዓመቱ የሰው ፈቃድ ባሪያ ነው ሲል መለሰለት። ከዚያ ወዲህ አልታረቁም።

ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነገሩን ተቃወመች?

አንድ ወጥ መልስ የለውም። የቫቲካንን ቤተ መጻሕፍት ያቆመው ኒኮላስ 5ኛ ራሱ ከሂውማኒስቶቹ ወገን ነበር። በስፔን ካርዲናል ሲስኔሮስ በዕብራይስጥ፣ በግሪክና በላቲን ጎን ለጎን የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱስ አሳትሟል። የእሱ አዲስ ኪዳን ታትሞ ያለቀው በ1514 ነው፤ ከኢራስመስ ይቀድማል። ፈቃድ ሲጠብቅ ግን ተቀደመ።

የሉተር ጉዳይ ከፈነዳ በኋላ በሩ ጠበበ። በ1559 በሮም የወጣው የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር የኢራስመስን ሥራዎች በሙሉ አገደ። በሌላ በኩል ኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት) የሂውማኒስቶቹን ሥርዓተ ትምህርት ወስደው በትምህርት ቤቶቻቸው አስፋፉት፤ በ1599 ደንብ አውጥተውለታል። ሰውየውን አግደው ዘዴውን አስቀሩ።

በሥዕል ላይ ምን ለወጡ? እነሱ ሠዓሊ አይደሉም አይደል?

አይደሉም። ሠዓሊው ግን ከእነሱ ጋር ነበር የሚውለው። ከእነሱ አንዱ ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ በ1435 ስለ ሥዕል በላቲን መጽሐፍ ጻፈ። በዓመቱ በጣሊያንኛ አዘጋጅቶ የፍሎረንስን ካቴድራል ጉልላት ለሠራው ለብሩኔሌስኪ አበረከተው። ሠዓሊ ጂኦሜትሪ ይወቅ፣ ከገጣሚና ከተናጋሪ ጋር ይዋል ይላል። አንድ ሥዕል እንደ ጥሩ ንግግር ነው፤ ክፍሎቹ ሊያያዙ፣ የተመልካቹንም ልብ ሊነኩ ይገባል። በሥዕሉ ውስጥ ወደ እኛ እያየ በእጁ የሚጠቁም ሰው ቢኖር ጥሩ ነው ብሎም ይመክራል።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ፍሎረንስ፣ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ይግባ። ሠዓሊው ማሳቾ በ1420ዎቹ የሠራው የሥላሴ ሥዕል ግድግዳው ላይ አለ። ከፊቱ ሲቆሙ ግድግዳው የተቦረቦረ ይመስላል። በሮማ ሕንፃ ስልት የተሠራ ጣሪያ ወደ ውስጥ ይሸሻል። መስቀሉ ሥር የቆመችው እመቤታችን ልጇን አታይም፤ እኛን እያየች በእጇ ወደ እሱ ታሳያለች። ከታች አንድ አጽም ተጋድሟል፤ በላዩም እናንተን ነበርኩ፣ እኔን ትሆናላችሁ የሚል ጽሑፍ አለ። ርዕሱ ሃይማኖት ነው፤ የመለኪያውና የሕንፃው ቋንቋ ደግሞ የጥንት ሮም። ሂውማኒዝም በሥዕል ሲታይ ይህን ይመስላል።

ሌላው ምሳሌ ራፋኤል ከ1509 እስከ 1511 በቫቲካን የሠራው «የአቴና ትምህርት ቤት» ነው። መሐል ላይ ፕላቶ ወደ ላይ ይጠቁማል። አርስቶትል መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቷል። አንዱ ስለ ፍጥረተ ዓለም የጻፈውን፣ ሌላው ስለ ሥነ ምግባር የጻፈውን መጽሐፍ ይዘዋል። ወሬኛ አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ያቆማሉ። ዞር ብለው ከፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ይመልከቱ፦ ቅዱስ ቁርባኑ በመንበር ላይ፣ ቅዱሳኑና ሊቃውንቱ ከበውት። ራፋኤል ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሟቸዋል። ክፍሉም የፓፓው ነው። ማይክል አንጄሎም በሲስቲን ጣሪያ ላይ (1508–1512) ሰባት ነቢያትን ከአምስት የአረማውያን ባለ ራእይ ሴቶች ጋር አንድ ረድፍ አስቀምጧቸዋል።

ያ ሁሉ እርቃን ምስል ለምን?

አንዱ ምክንያት የጥንት ሐውልቶችን መቅዳት ነው። ሌላው ስለ ሰው ያላቸው አስተሳሰብ ነው። በኋላ ኢኖሰንት 3ኛ የሆነው ፓፓ በወጣትነቱ ስለ ሰው ልጅ ጎስቋላነት ጽፎ ነበር፤ ሥጋችን ትል ነው፣ መበስበስ ነው የሚል። ጃኖትሶ ማኔቲ በ1450ዎቹ መጀመሪያ መልስ ጻፈበት። ሰውነታችን በእግዚአብሔር አምሳል የተሠራ ድንቅ ሥራ ነው፣ ምን ያሳፍራል አለ። ማይክል አንጄሎ በ1504 የጨረሰው የዳዊት ሐውልት ቁመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል፤ ለፍሎረንስ ካቴድራል ታዝዞ በከተማው አደባባይ ቆመ።

ሁሉም አልወደደውም። መነኩሴው ሳቮናሮላ በየካቲት 1497 ፍሎረንስ አደባባይ ላይ መስተዋት፣ ጌጣጌጥ፣ ሥዕልና መጽሐፍ አስከምሮ አቃጠለ። በዓመቱ ደግሞ በዚያው አደባባይ እሱ ራሱ ተሰቅሎ ተቃጠለ።

በፍልስፍናስ? አርስቶትልን ጥለው ፕላቶን ያዙ?

አርስቶትል አልተጣለም፤ እንዲያውም በግሪክኛ ታተመ፣ በአዲስ ላቲን ተተረጎመ። የተለወጠው ብቻውን አለመሆኑ ነው። ምዕራብ አውሮፓ ከፕላቶ በላቲን የሚያውቀው ጥቂት ሥራዎችን ነበር። ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ማርሲሊዮ ፊቺኖን ቤትና መጽሐፍ ሰጥቶ ተርጉም አለው። ሙሉው ፕላቶ በ1484 ታተመ። ፊቺኖ ፕላቶና ክርስትና ይስማማሉ፣ ነፍስም አትሞትም ብሎ ደከመበት።

ወዳጁ ፒኮ ዴላ ሚራንዶላ የባሰበት ነው። በ1486፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ 900 ነጥቦች አዘጋጅቶ የሚከራከረኝ ሮም ይምጣ፣ የጉዞውን ወጪ እኔ እችላለሁ አለ! ከግሪክ፣ ከአረብ፣ ከአይሁድ ሊቃውንት ያልቀዳው የለም። ፓፓው ክርክሩን አገደ። ለክርክሩ መክፈቻ ባዘጋጀው ንግግር ውስጥ እግዚአብሔር አዳምን የተወሰነ ስፍራ አልሰጠሁህም፣ ራስህን የምትቀርጸው አንተ ነህ ይለዋል። ዛሬ ይህን ጠቅሰው ፒኮን የዘመናዊ ነጻነት ነቢይ የሚያደርጉ አሉ። ሰውየው ግን መጨረሻው ላይ ወደ ሳቮናሮላ ተጠጋ፤ የተቀበረውም በእሱ ገዳም በሳን ማርኮ ነው።

ፈላስፋው ፖምፖናትሲ ደግሞ በ1516 የነፍስ አለመሞት በአእምሮ ብቻ አይረጋገጥም፣ በእምነት እቀበለዋለሁ ሲል ጻፈ። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ላተራን የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፈላስፎች የነፍስን አለመሞት እንዲያስተምሩ አዝዞ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ ቬኒስ ውስጥ ተቃጠለ።

የፍሎረንሱን የፖለቲካ ጸሐፊ ማኪያቬሊንም እዚህ አለማንሣት አይቻልም። በታኅሣሥ 1513 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ከሥልጣን ተባርሮ ገጠር ያለውን ውሎ ይተርካል። ቀን ከእንጨት ቆራጮች ጋር ይጨቃጨቃል፣ መጠጥ ቤት ቁማር ይጫወታል። ሲመሽ ጭቃ የለበሰውን ልብሱን አውልቆ የቤተ መንግሥት ልብሱን ይለብሳል። ከዚያ መጻሕፍቱ ዘንድ ገብቶ የጥንት ሰዎችን ይጠይቃል፤ እነሱም ይመልሱለታል። አራት ሰዓት ሙሉ ድህነቱንም ሞትንም ይረሳል።

ለሳይንስ ጠቀመ?

ጠቅሟል፤ በተዘዋዋሪ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኮፐርኒከስ በ1543 መጽሐፉን ለፓፓ ጳውሎስ 3ኛ ሲያበረክት፣ ምድር ትንቀሳቀሳለች ያሉ ሰዎችን ሲሴሮና ፕሉታርክ ውስጥ አግኝቼ ነው ማሰብ የጀመርኩት ይላል። የጥንት መጻሕፍትን ማገላበጥ እዚህ አደረሰው።

ሴቶችስ?

ጥቂቶች ተማሩ፤ በሩ ግን በደንብ አልተከፈተላቸውም። የቬሮናዋ ኢሶታ ኖጋሮላ አዳም ይበልጥ በደለ ወይስ ሔዋን በሚለው ላይ ከአንድ የቬኒስ መኰንን ጋር በላቲን ተከራክራለች። ሊዮናርዶ ብሩኒ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ሲጽፍ ታሪክና ግጥም ፈቅዶ የአደባባይ ንግግርን ከለከለ። ሂውማኒስት ሁሉ የሚኮራበት ትምህርት ያ ነበር።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፤ ከሚጠበቀው በላይ። በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1441፣ በኢየሩሳሌም የነበሩት አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተዋል። ያ ብራና አዳኝ ፖጆ በአስተርጓሚ በኩል ስለ አባይ ምንጭና ስለ አገሩ ጠየቃቸው፤ የነገሩትንም በመጽሐፉ አሰፈረ።

ሮም ውስጥ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የሚኖሩ የእኛ መነኮሳት ነበሩ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ዜማቸውን ሰምቶ ተሳበ። ከቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግእዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። የሚገርመው ፖትከን ቋንቋውን ከለዳይስጥ ብሎ መጥራቱ ነው።

በ1548 እና 1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር አዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ። ፊደል የሚደረድሩት ሠራተኞች ግእዝ ማንበብ አይችሉም፤ እኛ ደግሞ ፊደል መደርደር አናውቅም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳዳን ይላሉ።

በጣም የሚነካው ግን የጸጋ ዘአብ ታሪክ ነው። የዓፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆኖ በ1527 ሊዝበን ገባ። እዚያ ሥርዓታችሁ ከእኛ ይለያል ተብሎ ከቅዱስ ቁርባን ተከለከለ። ከፖርቱጋላዊው ሂውማኒስት ዳሚያኦ ደ ጎይስ ጋር ተዋወቀ። ጎይስ የኢራስመስ ወዳጅ ነው፤ በ1534 ፍራይቡርግ ላይ በኢራስመስ ቤት ለወራት ተቀምጧል። ጸጋ ዘአብንም የኢትዮጵያን እምነት ከራስህ አፍ ልስማ አለው። ጸጋ ዘአብ ጻፈ። ሰንበትን ስለማክበር፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ ጾም አስረዳ፤ በሥርዓት ልዩነት ክርስቲያን ክርስቲያንን እንዳይገፋም ተማጸነ። ጎይስ በላቲን ተርጉሞ በ1540 ሉቨን ላይ አሳተመው።

መጽሐፉ ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሸጥ ታገደ። በሌላው አውሮፓ ግን ደጋግሞ ታተመ። ጎይስ ራሱ በ1571፣ በስተርጅናው፣ በወጣትነቱ ከሉተርና ከመሰሎቹ ጋር ተገናኝተሃል ተብሎ በኢንኩዊዚሽን (መናፍቃንን በሚመረምረው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት) ታሰረ።